ለአዴ ጫልቱ ለብቻቸው የቀረበው ሳህን

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስከ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በአንድ ሠርግ ላይ አንዲት እንግዳ ሳይበሉ ተነሥተው ሄዱ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ለዶርም ጓደኛዬ ስነግራት «እሺ፣ ከዚያስ?» ብላ ጠበቀች። ሳይበላ የሚሄድ እንግዳ በየሠርጉ አይጠፋም። ቢሆንም የዚያን ቀን ምግብ የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ በምርጫዬ ምክንያት የመጣውንም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

በ2006 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ቃሊቲ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ነው። እማዬ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። አባዬ የተሳቢ መኪና ሾፌር ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ከታሰረ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ጠዋት በቂሊንጦ መንገድ ሲመጣ፣ ከፋብሪካ ሰርቪስ ወርዶ የሚሻገር ወጣት ገጨ። ልጁ ገመቹ ይባላል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አባዬ ራሱ አቅፎ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው፤ ግን አልተረፈም። ፍርድ ቤት ቀርቦም ፍሬን ዘግይቶ መያዙን አልካደም። ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ማረሚያ ቤቱ ከቤታችን በእግር የሚደረስበት ስለሆነ እማዬ «አባትሽ እኮ ከሰፈር አልወጣም» እያለች ልታጽናናን ትሞክር ነበር።

የገመቹ እናት አዴ ጫልቱ ይባላሉ። ቤተሰባቸው ፋብሪካው ሁሉ ሳይተከል ጀምሮ እዚያው አካባቢ ያረሰ ነው። ከባላቸው ሞት በኋላ የቀሯቸው ገመቹና ታናሽ እህቱ ሎሚ ብቻ ነበሩ። ቤታቸው ከእኛ ቤት አስፋልቱን ተሻግሮ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። በእኛ አካባቢ በሁለት ቤተሰብ መካከል ደም ካለ፣ እርቁ እስኪያልቅ ድረስ አንዱ የአንዱን እህልና ውሃ አይቀምስም፤ ደጃፉንም አይረግጥም። ለሦስት ዓመት እኔና ሎሚ አንድ ትምህርት ቤት እየተማርን ከአንድ ቧንቧ ውሃ አንጠጣም ነበር።

ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሄደው አዴ ጫልቱ በሩን አልከፈቱላቸውም። በሦስተኛው፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተፈራ ሌሎቹን መርተው ሲሄዱ፣ ቁጭ በሉ አሏቸው። ያሏቸውን ጋሽ ተፈራ መጥተው ቃል በቃል ነገሩን።

«ትልቋ ልጃቸው ስትዳር እመጣለሁ። እቤታቸው ገብቼ እህል እቀምሳለሁ። ያን ቀን ያልቃል።»

እማዬ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እርቁ ካለቀ ሽማግሌዎቹ ወረቀት ጽፈው ያስፈርማሉ፤ ወረቀቱም ከአባዬ የይቅርታ ማመልከቻ ጋር ይያያዛል። እህቴ ፍሬ ጥር 18 ቀን ለማግባት ቀጠሮ ነበራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሠርጉ ነገር ሲነሳ ሁላችንም በልባችን የምናስበው ስለ ሙሽሮቹ ሳይሆን ስለ አንድ ጉርሻ ነበር።

የምግቡ ዝርዝር ለእኔ ተሰጠኝ። እማዬ ፈረቃ ላይ ናት፤ ፍሬ ስለ ቀሚሷ ትሯሯጣለች። «መክሊት ጠንቃቃ ናት፤ ጽሑፏም ያምራል» ተባለ። እንዲህ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። አዲስ ደብተር ከፍቼ የእያንዳንዱን እንግዳ ስም ጻፍኩ፤ ከስሙ ትይዩ የሚበላውንና የማይበላውን። የሙስሊም እንግዶቻችንን በግ የአባዬ የሥራ ጓደኛ ጋሽ ከድር እንዲያርዱ፣ ወጡንም ባለቤታቸው በራሳቸው ድስት እንዲሠሩ ከሁሉ አስቀድሜ ጻፍኩ። ስእለት ላለባቸው የጾም ምግብ፣ ለሕመምተኞች አልጫ።

የድግሱን ወጥ ሊሠሩ የተቀጠሩት እትዬ ዘነበች ደብተሩን አስነበቡኝና ሳቁ።

«ይኼ ሁሉ ስኳርና ግፊት? ሠርግ ነው ወይስ ክሊኒክ ነው የምትከፍቱት?»

«ጨጓራ ያለባቸው ደግሞ በሚቀጥለው ገጽ ናቸው፣ እትዬ።»

«የአባትሽ ጓደኞች ናቸዋ። ሾፌር እንደሆነ ጨጓራ አያጣውም። አረቄ ሲቀዳለት ግን ወዲያው ይድናል። ግዴለም፣ አልጫውን አበዛለሁ።»

አዴ ጫልቱን የጻፍኳቸው በመጨረሻው ገጽ ላይ ለብቻቸው ነበር። ጋሽ ተፈራን ምን እንደሚበሉ ስጠይቃቸው «እሷማ ልጇ ከሞተ ወዲህ ሥጋም ቅቤም በአፏ አልዞረም። ለራሷ የተሳለችው ነው» አሉኝ። እኔም «ጾም» ብዬ ጻፍኩና በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

ሠርጉ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ደብተሬን ይዤ አባዬ ዘንድ ሄድኩ። ደብተሩ እንደማይገባ በሩ ላይ ስለተነገረኝ ዝርዝሩን በቃሌ ሸመደድኩት። ጠባቂዋ እንደ ደንቡ ካመጣሁት ምግብ አቀመሰችኝና አሳለፈችኝ። አባዬ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ፣ በዙሪያችን ሰው ሁሉ እየጮኸ ሲያወራ፣ አንድ በአንድ ሰማኝ።

«ወርቁ ስኳር አለበት። ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«ከበደ ሽንኩርት ጥሬውን ካየ አይበላም። ሞጆ ላይ ሁልጊዜ እያስለቀመ ነው የሚበላው። አንገቱን እንዲህ አድርጎ...» አስመስሎ አሳየኝና ሁለታችንም ሳቅን። አባዬ ጓደኞቹ የሚበሉትን ሁሉ ያውቃል፤ ዕድሜ ልካቸውን መንገድ ላይ ከአንድ ትሪ ሲበሉ ኖረዋል። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ለእሳቸውስ?»

ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። «የጾም ነው፤ ለብቻው አሠራላቸዋለሁ። ሥጋ አይበሉም።»

«ማን አለሽ?»

«ጋሽ ተፈራ።»

«ተፈራ ሽማግሌ ነው እንጂ እሳቸው አይደለም። ሰው ልከሽ ራሳቸውን አስጠይቂ። ‹ምን ይሁንልዎ› በይ። መጠየቁ በራሱ ክብር ነው።»

«እሺ፣ አባዬ።»

አላስጠየቅኩም። ምክንያቴን ደጋግሜ መርምሬዋለሁ። አንደኛ፣ ያወቅኩት መስሎኛል። ሁለተኛ፣ ሰው ብልክባቸው ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ሦስተኛውን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ማንም ሳይነግረኝ አስቤ እንዳዘጋጀሁላቸው ሲያዩ «ይቺ ልጅ ማን ናት?» እንዲሉ ፈልጌ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አባዬ «አስጠየቅሽ?» ሲለኝ «አዎ፣ የጾም ይሁንልኝ ብለዋል» አልኩት። በማግስቱ ሠርጉ ነበር።

እሑድ ጠዋት ከድንኳኑ ጀርባ የአዴ ጫልቱን ምግብ እትዬ ዘነበች ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅኩ። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። ጭልፋው እንኳ የሥጋ ድስት እንዳይነካ ለብቻው በወረቀት ጠቅልዬ ያዝኩት። ሳህኑን ከእድር ዕቃ መካከል ጠርዙ ያልተላጠውን መረጥኩ።

ስድስት ሰዓት አካባቢ አዴ ጫልቱ መጡ። ጋሽ ተፈራና ሌላ ሽማግሌ ከፊት፣ ሎሚ ከኋላ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከላያቸው ያልወረደውን ጥቁር ልብስ አውልቀው አዲስ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል። ፀጉራቸው ቅቤ ተቀብቶ በነጠላው ሥር ያብረቀርቃል። ሴቶቹ ይህን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። እኔም አየሁ፤ ግን ያየሁትን አላሰብኩበትም። ሐሳቤ ሳህኑ ላይ ነበር።

እማዬ ከድንኳኑ በር ተቀብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ከመሬት አነሷት። ከእሷ አጠገብ፣ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዘፈኑ ዝቅ ተደረገ። እጃቸውን አስታጠብኳቸው። ከዚያ እትዬ ዘነበች ዶሮና የሥጋ ወጥ ያለበትን ሰፊ ትሪ አምጥተው በሁለቱ መካከል ሊያስቀምጡ ሲሉ እኔ ቀደምኩ። ትሪውን ወደ እማዬ ገፋ አድርጌ፣ በነጭ ጨርቅ የሸፈንኩትን ሳህን አዴ ጫልቱ ፊት አስቀመጥኩና ጨርቁን ገለጥኩት።

አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የጾም ነው፣ አዴ። ለአንቱ ብዬ ለብቻው ነው ያሠራሁት። ሥጋም ቅቤም አልነካውም፤ ጭልፋው እንኳ ሌላ ነው።»

«ለብቻዬ?»

«አዎ፣ ለብቻዎ።»

ይህን የተናገርኩት በኩራት ነበር። ድምፄ እስከ አሁን ይሰማኛል። ጋሽ ተፈራ አይናቸውን ጨፈኑ። እማዬ «እንዴ፣ መክሊት...» ብላ ትሪውን ወደ እሳቸው ለመሳብ እጇን ሰነዘረች። አዴ ጫልቱ ግን እጇን ቀስ ብለው ያዙት።

«ተይው። ይሄማ ቤቴም አለ» አሉ።

ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ከድንኳኑ ዳር የተቀመጡት እንግዶች ለሆነ ጉዳይ የወጡ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላቸው። ሎሚ እኔን በንቀት አላየችኝም፤ ጭራሽ አላየችኝም። ሁሉም ነገር በጸጥታ ስለሆነ ዘፋኙ ድምፁን መልሶ ከፍ አደረገው።

ጋሽ ተፈራ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው «እርቅ ከአንድ ማዕድ ነው የሚበላው። ለየብቻ የሚቀርብ እህል እርቅ አይሆንም። ይህን ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?» አሉኝ። አላወቅኩም ነበር። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሮጬ ወጣሁ። የደረስኩባቸው አስፋልቱ ዳር ነው። ከባድ መኪኖች ስለሚያልፉ ለመሻገር ቆመዋል። ሎሚ ክንዳቸውን ይዛለች። ከጫማዬ አንዱ ወልቆ ቀርቷል።

«አዴ፣ ይመለሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እናቴ አታውቅም። አባቴም ጠይቂ ብሎኝ ነበር።»

ዞር ብለው አዩኝ። «አባትሽ ጠይቂ ብሎሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ሥጋ አይበሉም ሲሉኝ...»

«ተፈራ አልዋሸሽም። እስከ ትናንት ድረስ አልበላም ነበር። ትናንት የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ አስፈታሁት። ልጄን ከወሰደ ቤት፣ ከእናትሽ ሳህን፣ ከእናትሽ እጅ ልጎርስ። እዚያ ጀምሬ እዚያ ልጨርሰው ነበር። ምስርማ ሦስት ዓመት በላሁት። ልጄ የሞተ ቀን ያበሉኝም እሱን ነው። ዛሬ ደግሞ አንቺ ለብቻዬ ስታስቀምጪልኝ፣ ‹የአንቺ ቦታ እዚያው ነው› ያልሽኝ መሰለኝ።»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ልጅ ነሽ።»

«ተቆጥተውብኛል?»

«አልተቆጣሁም። ብቆጣ ይሻለኝ ነበር።»

«እንግዲያው ይመለሱ፣ አዴ። ትሪው እንዳለ ነው። እማዬም እየጠበቀች ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጉልበቴ ለአንድ ጊዜ ነበር የበቃኝ። ስንት ሌሊት ስጠራቅመው የከረምኩት ነው። እዚያ ወንበር ላይ አለቀ። ሌላ ቀን ይኖረኝ እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

መኪናዎቹ ጋብ ሲሉ ተሻገሩ። አንድ እግሬ ባዶ ሆኖ ከዚህ ማዶ ቆሜ አየኋቸው።

ድንኳኑ ስመለስ እማዬ አልተቆጣችኝም። ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝና «ሙሽራው እየመጣ ነው። ፍሬ እንዳታይሽ» አለችኝ። ፎቶዎቹ ላይ ሁላችንም እንስቃለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባዬ ዘንድ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እማዬ «አንቺው ንገሪው» አለችኝ። ከአጥሩ ወዲያ ሲመጣ ፀጉሩን ተቆርጧል፤ የሚሰማው ዜና ደስ የሚል ሊሆን ስለሚችል የተዘጋጀ መሰለኝ።

«በሉ?»

«አልበሉም።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አስጠይቀሽ ነበር?»

«አላስጠየቅኩም፣ አባዬ። ዋሽቼህ ነው።»

አጥሩን ይዞ መሬት መሬቱን አየ። ቢሰድበኝ ኖሮ ቀለል ይለኝ ነበር። ቀና ሲል ድምፁ እንደወትሮው ነበር።

«ወርቁስ፣ ስኳሩ አልተነሳበትም?»

«አልተነሳበትም።»

«ጎበዝ» አለኝ።

ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። ወረቀቱ ቢኖር ኖሮ አባዬ ወዲያው ይፈታ ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ ይቅርታ የሚያየው አካል የሚመዝነው ሌላም ነገር አለ። ግን በዚያ ዓመት ማመልከቻው ያለ ወረቀቱ ሄደ፤ መልስም ሳያገኝ ቀረ። አባዬ በአመክሮ እስኪወጣ ድረስ ሌላ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ታሰረ። በዚያ መካከል ፍሬ ወለደች፤ የአባዬ እናት ሞቱ፤ አፈር ሲለብሱም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ወደ አዴ ጫልቱ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ሄደው ነበር። «ቂም የለኝም፤ ግን ልቤ አልተመለሰም» አሏቸው። ከዚያ ኩላሊታቸውን ታመሙ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች የእኔን ያህል የሞኝ ስሕተት አትሠሩ ይሆናል። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሰውን መንከባከብ ማለት ስለ እሱ በደንብ መጻፍ ይመስለኝ ነበር። የሦስት መቶ ሰው ስም፣ ከስሙ ትይዩ ሕመሙ። ደብተሬ ላይ የነበረው ሁሉ እውነት ነው፤ የአዴ ጫልቱም እውነት ነበር፤ እሳቸው ግን ከተጻፈው አልፈው ሄደዋል። እኔ ሐዘናቸውን ስጠብቅላቸው፣ እሳቸው ሐዘናቸውን ሊተዉ መጥተው ነበር። ከደግነቴ ሥር የነበረው መመስገን መፈለጌ መሆኑን ደግሞ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ለእናንተ ጻፍኩት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከጓደኞቼ አንዷ «አንቺ ሁሉን ነገር ትጠይቂያለሽ፤ አይሰለችሽም?» አለችኝ። ሊሰለቻት ይችላል። እኔ ግን አላቆምም።

አባዬ በወጣ በሳምንቱ ራሴ አስፋልቱን ተሻግሬ ሄድኩ። ደጃፉን መርገጥ ስለማልችል አጥሩ ጋ ቆሜ ተጣራሁ። ሎሚ ወጣች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየችኝ።

«ምን ፈለግሽ?»

«አባቴ ወጥቷል። መምጣት ይፈልጋል። አዴ ቢፈቅዱለት ምን እንደሚቀርብ ልጠይቃቸው ነው።»

«እኔን አትጠይቂኝ። ራሷን ጠይቂያት» አለችና በሩን ከፈተችልኝ። ደጃፉ ላይ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ፤ አዴ ጫልቱ ከውስጥ አልጋ ላይ ሆነው «ግቢ» አሉኝ። በጣም ከስተዋል። ፊታቸው አብጧል።

«ምን ይሁንልዎ፣ አዴ?»

«ሥጋማ ሐኪሙ ከልክሎኛል። ጨውም ከልክሎኛል። አጥሚት ነው የምጠጣው፤ ለበሽተኛ የሚሆነው፣ ቀጭኑ» አሉ። «አባትሽ ይህን ከእኔ ጋር ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

«አንቺ አትመልሽለት። ሄደሽ ጠይቂው።»

ሄጄ ጠየቅኩት። አባዬ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሸሚዙን እየቀየረ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጋሽ ተፈራ፣ እማዬ፣ አባዬና እኔ ገባን። አባዬ ከአልጋው ግርጌ ተንበርክኮ ቆየ፤ እሳቸውም ተነሥ አላሉትም። ሎሚ አጥሚቱን በአንድ ትልቅ ኩባያ አምጥታ ሰጠቻቸው። ሦስት ጊዜ ተጎነጩና ወደ አባዬ ዘረጉለት። እጃቸው ስለደከመ እሱም ኩባያውን ከእጃቸው ሳይለይ፣ በእሳቸው እጅ ላይ እጁን አድርጎ ጠጣው። ጨው የለውም፤ ማርም የለውም። እስከ ታች ጠጣው።

«ልጄ በአንተ እቅፍ ላይ ነው የሞተው?» አሉት።

«አዎ፣ አዴ።»

«ምን አለ?»

«‹እናቴን እንዳታስደነግጧት› አለ።»

አዴ ጫልቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ሎሚ በአራት ዓመት ከአሥር ወር ውስጥ ሲያለቅሱ ሰምታቸው እንደማታውቅ በኋላ ነገረችኝ። ጋሽ ተፈራ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ነበር፤ አሁን የሚያያይዙበት ማመልከቻ ባይኖርም። አዴ ጫልቱ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉበት። ጋሽ ተፈራም ከጣታቸው አሻራ በታች ቀኑን ጻፉ፤ እሑድ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2008 ዓ.ም.።